ወፍራም መጽሐፍ ዴንታል ትምህርት ቤት አያስገባም

ሰሞኑን በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ወላጆች ዘንድ አንድ ረጅም ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። የሚያወራው ስለ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ስለ ዲኤቲ ነው። ለባዮሎጂው ክፍል ምን ማንበብ፣ ምን መግዛት፣ ምንስ መተው እንደሚገባ ይመክራል። ባዮሎጂ ማስጠናት እንጀራዬ ስለሆነ ለእኔም ከየአቅጣጫው ተልኮልኛል። ከላኩልኝ መካከል አንዲት እናት «ልጄ ይህንን ይዞ ይጀምር ወይስ ይቆይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይቆይ አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ በስልክ አስረድቼ መጨረስ ስላልቻልኩ ይኸው በጽሑፍ።

ጽሑፉ ስሕተት ብቻ ነው አልልም። ስለዚህ ፈተና በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው በቀላሉ አይገኝምና ጸሐፊው ለድካማቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ዝግጅቱ ቀደም ብሎ ይጀመር ማለታቸው ትክክል ነው። ባዮሎጂ ከሳይንሱ ክፍል ትልቁን ድርሻ ይይዛል ማለታቸውም እንዲሁ። የማልስማማው ከዚያ በኋላ በሰጧቸው ምክሮች ነው፤ እነርሱንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ።

ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። የባዮሎጂው ክፍል ከየትም ሊጠይቅ ስለሚችል አስተማማኙ መንገድ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ትልቁን የባዮሎጂ መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ማንበብ ነው። አገር ቤት የተማሩት ባዮሎጂ እዚህ ስለማይረባ ከዜሮ መጀመር ይሻላል። ጊዜ ያጠረው ሰው ደግሞ ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ለኤምካት፣ የተዘጋጁ መጻሕፍትን ይግዛ፤ ከባዱን የቻለ ቀላሉ አያቅተውምና። ዕፀዋትና ሥነ ምህዳር ለጥርስ ሐኪም ምንም ስለማይጠቅሙ ይዘለሉ። በነፃ የሚገኝ ነገር ሁሉ ስሕተት ስለማያጣው ጊዜ ይገድላል። የልምምድ ጥያቄዎች እንዳይባክኑ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ይቆዩ። በመጨረሻም በቴሌግራም የሚገኙትን «ከፈተናው የወጡ» ጥያቄዎች መሸምደድ እንዳይረሳ። ዋና ዋናዎቹ ምክሮች እነዚህ ናቸው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ፈተናው ራሱ ምን እንደሚመስል በአጭሩ ላስታውስ፤ ጽሑፉ ይህን ሳይነግረን ነው በቀጥታ ወደ መጻሕፍት ገበያው የወሰደን። ዲኤቲን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ሲሆን ፈተናው በኮምፒውተር ፕሮሜትሪክ በሚባሉ የፈተና ማዕከላት ይሰጣል። የተፈጥሮ ሳይንሱ ክፍል 100 ጥያቄዎች በ90 ደቂቃ የሚሠሩበት ነው፤ 40ው ባዮሎጂ፣ 30ው አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ 30ው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ። ከዚያ የቅርጽና የቦታ ግንዛቤ ፈተና፣ የንባብ ግንዛቤና ሒሳብ ይከተላሉ። ለአንድ የሳይንስ ጥያቄ በአማካይ የሚደርሰው 54 ሰከንድ ነው። ኬሚስትሪው ስሌት ስላለው ብልህ ተፈታኝ ከባዮሎጂው ላይ ጊዜ ቆጥቦ ወደዚያ ያሻግራል። ስለዚህ ባዮሎጂው አንብቦ፣ አውቆ፣ መርጦ ማለፍን ይጠይቃል። በአንድ ጥያቄ ላይ ቆሞ ለመመራመር ጊዜ የለም። ስፋቱ ትልቅ ነው፣ ጥልቀቱ ግን አይደለም። የመጽሐፍ ምርጫ ነገር በሙሉ ከዚህ ይጀምራል።

እንግዲህ ወደ ትልቁ መጽሐፍ። ጸሐፊው የጠቀሱት ካምቤልን ነው። ካምቤል ግሩም መጽሐፍ ነው፤ እኔም መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ በየሳምንቱም እገልጠዋለሁ። 56 ምዕራፎችና ከ1,400 በላይ ገጾች አሉት። በሦስት ወር ለመጨረስ በቀን ከ15 ገጽ በላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ይህም ሁለቱን ኬሚስትሪዎች፣ ሒሳቡንና የቅርጽ ፈተናውን ሳይጨምር፣ ሥራና ኮርስም እንደሌለ ተቆጥሮ ነው። እሺ፣ ብርቱ ሰው ይችለዋል እንበል። ችግሩ ግን የገጹ ብዛት ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የተጻፈው ለሁለት ሴሚስተር ኮርስ ነው፤ የሚነግርህ ነገር ሁሉ እኩል ክብደት ያለው ይመስላል። የትኛው ለፈተናው እንደሚፈለግ፣ የትኛው የመምህሩ ጌጥ እንደሆነ አይለይልህም።

የሕዋስ አተነፋፈስን ምዕራፍ እንውሰድ። መጽሐፉ የግላይኮሊሲስን፣ ማለትም የግሉኮስን መሰባበር፣ አሥር እርምጃዎች ከነኢንዛይማቸው፣ ከነሞለኪውሉ ሥዕል ያሳያል። አዲስ አንባቢ ይህን ሲያይ ልቡ ይሸበራል፤ ያቺን ሰንጠረዥ ሲሸመድድ አንድ ሳምንት ይሄዳል። ለዲኤቲ የሚያስፈልገው ደግሞ ሌላ ነው። ግላይኮሊሲስ የት ይካሄዳል? በሳይቶፕላዝም። ምን ገባ፣ ምን ወጣ? አንድ ግሉኮስ ገብቶ ሁለት ፓይሩቬት፣ በተጣራ ሒሳብ ሁለት ኤቲፒ፣ ሁለት ኤንኤዲኤች (ሁለቱም ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውሎች ናቸው) ይወጣል። ኦክስጅን ከሌለ ምን ይቆማል፣ ምንስ ይቀጥላል? የኤሌክትሮን ማስተላለፊያው ሰንሰለት በሚቶኮንድሪያ የውስጠኛው ሽፋን ላይ ነው ወይስ በውጭኛው? ፕሮቶኖቹ የሚከማቹትስ በየትኛው ወገን? ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ ተማሪ የአሥሩን ኢንዛይሞች ስም ባያውቅ ምንም አይቀርበትም። አሥሩን ስም ይዞ ፕሮቶኖቹ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል እንደሚከማቹ የማያውቅ ግን ነጥብ ያጣል። ሁለተኛውን ዓይነት ተማሪ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ታታሪ ነው፣ ማስታወሻው በአራት ቀለም የተጻፈ ነው፣ ውጤቱ ግን ከልፋቱ ጋር አይገናኝም።

የቱ እንደሚበቃ ማን ይወስናል ከተባለ፣ መልሱ በነፃ ተቀምጧል። ማኅበሩ በየጊዜው የሚያወጣው የተፈታኞች መመሪያ ባዮሎጂው የሚሸፍናቸውን ርእሶች ይዘረዝራል። የሕዋስና የሞለኪውል ባዮሎጂ፣ የሕይወት ብዝኃነት፣ የአካል ሥርዓቶች አወቃቀርና ተግባር፣ የጽንስ እድገት፣ የዘር ውርስ፣ ዝግመተ ለውጥ፣ ሥነ ምህዳርና የእንስሳት ባሕርይ እዚያ አሉ። ሕዋስ፣ የአካል ሥርዓቶችና የዘር ውርስ ሲደመሩ ከ40ዎቹ ጥያቄዎች ከግማሽ በላይ ይይዛሉ። ያንን ገጽ አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይገባል። ከዚያ ማንኛውም መጽሐፍ ሲነሳ፣ ይህ ምዕራፍ የትኛውን መስመር ያስይዘኛል ብሎ መጠየቅ ነው። ጸሐፊው በዚያ ሁሉ ርዝመት ስለዚህ መመሪያ አንድ ቃል አለመተንፈሳቸው ይገርመኛል።

ፍርዴ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን ልጨምር። የኮሌጅ ባዮሎጂ ፈጽሞ ያልወሰደ ወይም ከወሰደ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው በአጭር ማስታወሻ ብቻ አይቆምም፤ መሠረት ያስፈልገዋል። ለእርሱ ትልቅ መጽሐፍ ሊጠቅመው ይችላል፣ ያውም እንደ መዝገበ ቃላት፣ ያልገባውን ብቻ እየፈለገ የሚያነብበት። ለዚያም ቢሆን ገንዘብ ማውጣት ግድ አይደለም። በራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው የኦፕንስታክስ የባዮሎጂ መጽሐፍ 47 ምዕራፎች አሉት፤ በሕጋዊ መንገድ፣ በነፃ ይወርዳል።

አሁን ወደ ነደደኝ ነገር ልምጣ፤ አገር ቤት የተማርነው ባዮሎጂ አይረባም ወደሚለው። በ2000ዎቹ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የቀድሞውን ሥርዓተ ትምህርት የተከተለ ሰው የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፉን ያስታውስ። አምስት ምዕራፍ ነበር፦ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ሥነ ምህዳር፣ የዘር ውርስ፣ ዝግመተ ለውጥ፣ የእንስሳት ባሕርይ። የ11ኛው ክፍል ደግሞ ባዮኬሚካል ሞለኪውሎችን፣ ኢንዛይምን፣ የሕዋስ ባዮሎጂንና የኃይል ለውጥን ይዟል። ይህንን ዝርዝር ከላይ ከጠቀስኩት የማኅበሩ ዝርዝር ጎን አስቀምጡት። ብዙው ልክክ ብሎ ይገጥማል! አሜሪካዊው ተፈታኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያየው የሚችለውን የባሕርይ ምዕራፍ፣ እንደ ታተመ ልማድ (ኢምፕሪንቲንግ) እና ማመቻቸት (ኮንዲሽኒንግ) ያሉትን፣ የእኛ ልጅ በ12ኛ ክፍል ለመልቀቂያ ፈተና ሸምድዶታል። መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ነበር፤ ቃላቱ አዲስ አይደሉም። ይህን ሰው «ከዜሮ ጀምር» ማለት ጊዜውን መስረቅ ነው።

ክፍተት የለም ግን አልልም፤ አለ፣ የትም እንደሆነ ይታወቃል። የመጀመሪያው ምደባ ነው። እኛ በ9ኛ ክፍል የተማርነው አምስቱን የሕያዋን መንግሥታት (ኪንግደም) ነው፤ ሞኔራ ብለን አንድ ላይ ያጎርናቸው ባክቴሪያና አርኬያ በዲኤቲው ዝርዝር ተለያይተው ስድስት መንግሥታትና ከእነርሱ በላይ ሦስት ዶሜን የሚባሉ ምድቦች ሆነዋል። በአንድ ቀትር የሚስተካከል ነገር ነው፣ ካልተስተካከለ ግን ያሳስታል። ሁለተኛውና ሰፊው የጽንስ እድገት ነው። ከጽንሱ ሦስት የሕዋስ ንብርብሮች፣ ከኤክቶደርም፣ ከሜሶደርምና ከኢንዶደርም፣ ምን ምን እንደሚበቅል አገር ቤት ብዙም አልተማርንም። እዚህ ላይ ደግሞ ለጥርስ ሐኪም የሚያስደስት ነገር አለ። የጥርስ ኢናሜል የሚሠራው ከኤክቶደርም በመጡ ሕዋሳት ነው፤ ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን ከነርቭ ጠርዝ (ኒውራል ክረስት) በፈለሱ ሕዋሳት። ኢናሜሉን የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ሲወጣ ይጠፋሉ፤ የተቦረቦረ ኢናሜል በራሱ ተመልሶ የማይበቅለው ለዚህ ነው። ለፈተና ያነበብከው አንድ መስመር ዕድሜ ልክህን በምትሠራው ሙያ ላይ ሲያርፍ እንዲህ ነው። ሦስተኛው ክፍተት የመከላከያ ሥርዓቱ ነው፤ ቢ እና ቲ ሕዋሳት፣ ፀረ አካላት፣ ማን ማንን እንደሚያነቃ። ስለዚህ የአገር ቤት ተማሪ ቁሳቁስ ሲመርጥ ገንዘቡንና ጊዜውን እነዚህ ሦስቱ ላይ ያውል፤ ሌላው ክለሳ ነው።

የኤምካት መጽሐፍ ይግዙ የሚለው ምክር ሲሰሙት ያሳምናል፤ ከባዱን የቻለ ቀላሉ አያቅተውም ማለት ከጥንት የኖረ አነጋገር ነው። ግን ኤምካት ከዲኤቲ የሚከብደው በምንድን ነው? የኤምካቱ የባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ክፍል 59 ጥያቄዎች በ95 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይደርሰዋል። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ከአንቀጽ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የአንድን ሙከራ ገለጻና ሰንጠረዥ አንብቦ መደምደሚያ ማውጣትን ይፈልጋሉ። አሚኖ አሲዶችንና ኢንዛይሞችን በጥልቀት ይጠይቃል። የዲኤቲ ባዮሎጂ ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው፣ አንቀጽ የሚባል ነገር የለም። በሌላ በኩል ዲኤቲ የሚጠይቃቸው ዕፀዋት፣ ሥነ ምህዳርና የእንስሳት ምደባ በኤምካት ቦታ የላቸውም። የኤምካት መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ሰንጠረዥ መተንተን ይማራል፤ የኢካይኖደርም፣ እንደ ባሕር ኮከብ ያሉት እንስሳት፣ የውሃ ቧንቧ ሥርዓት ሲጠየቅ ግን በባዶ እጁ ይቆማል። ሁለቱ ፈተናዎች የሚለያዩት በአቅጣጫ ነውና ከባድና ቀላል ብሎ ማነጻጸሩ ራሱ አያስኬድም። የኤምካት መጽሐፍ ከወንድም ወይም ከእኅት በነፃ ያገኘ ሰው የአካል ሥርዓቶችን ምዕራፎች ቢያነብበት አልከለክልም፤ እነዚያ ይጠቅማሉ። ዲኤቲን ታስቦ ግን አይገዛም።

ዕፀዋት ይዘለሉ ለሚለው የምሰጠው መልስ ከሌሎቹ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ይህን ብዙ ተማሪ ጽሑፉን ሳያነብም ያምናል። «ጥርስ ልነቅል ነው፣ ቅጠል ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። የፈተናው አዘጋጅ ግን ምን ይጠቅምሃል ብሎ አልጠየቀም፤ ዝርዝሩ ላይ ካለ ይጠይቃል። ፎቶሲንተሲስ በሕዋስ ባዮሎጂ ሥር ይመጣል፤ ማለትም ትልቁን ድርሻ በያዘው ክፍል ውስጥ ነው። «ዕፀዋት ስለሆነ ተውኩት» ያለ ሰው ክሎሮፕላስትን፣ የብርሃን ምላሹንና ስኳር የሚሠራበትን የካልቪን ዑደትንም አብሮ ተወ ማለት ነው።

ይህንን ምዕራፍ ለእኛ ሰው ማስጠናት ደግሞ ደስታ ነው። የመጽሐፉ ምሳሌ የአሜሪካ የበቆሎ ማሳ ነው፤ እኛ ግን ምሳሌው ቤታችን አለ። ስንዴና ገብስ ሲ3 የሚባሉ ዕፀዋት ናቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚይዘው ሩቢስኮ የሚባለው ኢንዛይም በቀጥታ ነው። ሙቀት ሲበረታና የቅጠሉ ቀዳዳዎች ሲዘጉ ሩቢስኮ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈንታ ኦክስጅን መያዝ ይጀምራል፣ ምርትም ይባክናል። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ግን ሲ4 ናቸው። በአንድ ዓይነት ሕዋስ ውስጥ መጀመሪያ አራት ካርቦን ያለው ሞለኪውል ይሠራሉ፣ ከዚያ በቅጠሉ ጅማት ዙሪያ ወዳሉት ሕዋሳት ያሻግሩታል፤ ሩቢስኮ የሚሠራው እዚያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተከማቸበት ነው። ሥራው በቦታ ተከፍሏል ማለት ነው። እሾሃማው የቁልቋል በለስና አናናስ ደግሞ በጊዜ ይከፍሉታል፤ ቀዳዳቸውን በሌሊት ከፍተው ጋዙን ያስገባሉ፣ ቀን ዘግተው ይጠቀሙበታል። የካም ዕፀዋት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጤፍና ማሽላ በቦታ፣ በለስ በጊዜ ብሎ የያዘ ልጅ ፈተናው ላይ የትኛውም የውጭ አገር ተክል ቢመጣበት አይወዛገብም። አንድና ሁለት የዘር ክክ ያላቸውን (ሞኖኮትና ዳይኮት) ለመለየትም እንዲሁ ነው። ጤፍ አንድ ክክ አለው፣ ሥሩ ጭራማ፣ የቅጠሉ ጅማት ትይዩ ነው፤ ባቄላ ሁለት ክክ አለው፣ ዋና ሥር አለው፣ ጅማቱ እንደ መረብ ነው። ባቄላ ፈልፍሎ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የት አለ? እነዚህን ጥያቄዎች «ይዘለሉ» ማለት ከቀላሉ ነጥብ ሽሹ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው በከፊል ልክ የሚሆኑበት ቦታ አለ። የእንስሳት ምደባ ዝርዝር መጨረሻ የለውም፤ የብዝኃነቱ ክፍል ድርሻ ግን ከ40ው በጣም ጥቂት ነው። ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ቀናት የቀሩት ሰው የፋይለሞቹን፣ የትልልቆቹን የእንስሳት ምድቦች፣ ሙሉ ሰንጠረዥ ትቶ የዘር ውርስ ቢከልስ አልነቅፈውም። ሦስት ወር ያለው ሰው ግን ሰበብ የለውም።

ስለ ነፃ ቁሳቁስ አጭር ልሁን። ውድ ስለሆነ ይሻላል የሚለው እምነት ከኅብረተሰባችን በቀላሉ አይወጣም። ለባዮሎጂው ይዘት ነፃ የሆነው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ተማሪዎች ለተማሪዎች ያዘጋጇቸው አጫጭር ማስታወሻዎች አሉ፤ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ በነፃ የሚሠራው አንኪ የሚባለው የካርድ ፕሮግራም አለ። በነፃ ማስታወሻ ውስጥ ስሕተት ሊኖር ይችላል የሚለው ስጋታቸው ትክክል ነው። ስለዚህ የተጠራጠሩትን በመማሪያ መጽሐፍ ማረጋገጥ ነው፤ ትልቁ መጽሐፍ እዚህ ላይ ሥራ ያገኛል። ገንዘብ ማውጣት ከተፈለገ ለጥያቄ ባንክ፣ ለልምምድ ጥያቄዎች ስብስብ፣ ይዋል። ዋጋው በወራት የሚቆጠር ስለሆነ ግን ይዘቱ ሳይነበብ መግዛት ኪራይ እየከፈሉ ቤት አለመግባት ነው። የማኅበሩን የራሱን የልምምድ ፈተናም አትርሱ፤ ጥያቄው ምን ያህል አጭርና ደረቅ እንደሆነ የሚያሳይ ከምንጩ የወጣ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ከሰው መውሰድም ችግር የለውም፤ ሕዋሱ አልተለወጠም። የውጤት ሰንጠረዡን ግን አትመኑት። ጸሐፊው «20 እና ከዚያ በላይ አምጡ» ያሉት በቀድሞው ከ1 እስከ 30 በሚቆጠረው ሚዛን ነው፤ ከመጋቢት 2025 ጀምሮ ውጤቱ ከ200 እስከ 600 ባለው ሚዛን ነው የሚሰጠው። ይህን ሳያውቅ የተዘጋጀ ልጅ የሚያልመውን ቁጥር ከትምህርት ቤቶቹ መግለጫ ጋር ማስተያየት አይችልም።

ጥያቄዎቹን ለመጨረሻ አስቀምጡ የሚለው ከሁሉም የሚጎዳው ምክር ይመስለኛል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ጥናት በትምህርት ሥነ ልቦና ዘንድ የታወቀ ነው። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ፤ ከዚያ አንዱ ወገን ደግሞ አነበበው፣ ሌላው ወገን ሳያይ ያስታወሰውን እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው ወገን በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሱን የፈተነው ወገን ብዙ አስታወሰ። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል፤ ዕውቀቱ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ራስን መጠየቅ ነው። «ያልተገላበጠ ያራል» ይላሉ አባቶች።

ጥያቄ መለኪያ ብቻ እንዳልሆነ፣ ማስተማሪያም እንደሆነ ለማሳየት አንዱን ቀርበን እንየው። በአንድ የሃርዲ ዋይንበርግ ሚዛን ላይ ባለ፣ ማለትም የጂኖች ድርሻ ከትውልድ ትውልድ በማይለወጥበት ሕዝብ ውስጥ ከመቶ ዘጠኙ ድብቁን (ሪሴሲቭ) ባሕርይ ያሳያሉ፤ ከመቶው ስንቱ ተሸካሚ ነው? ምርጫዎቹ 21፣ 30፣ 42፣ 49 እና 70 ናቸው እንበል። ድብቁን ባሕርይ የሚያሳዩት 0.09 ስለሆኑ የድብቁ ጂን ድርሻ ካሬ ሥሩ፣ ማለትም 0.3 ነው። የሌላው ጂን ድርሻ 0.7። ተሸካሚዎቹ ሁለት ጊዜ 0.7 ጊዜ 0.3፣ ማለትም 0.42፤ መልሱ 42 ነው። አሁን የተሳሳቱትን ምርጫዎች ተመልከቱ። 30 የመረጠ ካሬ ሥሩን አግኝቶ እዚያው ቆሟል። 70 የመረጠ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆሟል። 49 የመረጠ ድብቁን ጂን ፈጽሞ ያልያዙትን ቆጥሯል። 21 የመረጠ ሁሉንም በትክክል ሠርቶ ሁለት ጊዜ ማባዛቱን ረስቷል። እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ አድራሻ አለው። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ወር የተሳሳተ ተማሪ የቱ ጋ እንደሳተ አውቆ ያርማል። ለመጨረሻው ሳምንት ያቆየው ግን ስሕተቱን የሚያውቀው ማረሚያ ጊዜ ሲያልቅ ነው።

«ጥያቄዎቹ ይባክናሉ» የሚለው ስጋት ሙሉ ፈተናዎችን ብቻ የሚመለከት ከሆነ እስማማለሁ፤ ሁለት ሦስት ሙሉ ፈተና ለመጨረሻ ይቀመጥ። የየምዕራፉ ጥያቄ ግን ምዕራፉ በተነበበበት ቀን ይሠራ፣ የተሳሳቱት ተለይተው ተጽፈው ከሳምንት በኋላ ይደገሙ። እኔ የማስጠናቸው ልጆች የሚይዙት አንድ ማስታወሻ፣ አንድ የጥያቄ ባንክና አንድ የስሕተት ደብተር ነው። ሦስተኛው አይገዛም፣ ከሦስቱ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።

በመሐል አንድ ነገር ላርም። ጸሐፊው «አገር ቤት በጥርስ ሕክምና የተመረቁትም ይህንኑ ይከተሉ» ብለዋል። አገር ቤት ዲግሪ ይዞ የመጣ የጥርስ ሐኪም መንገዱ በአብዛኛው ሌላ ነው፤ የተቀናጀውን ብሔራዊ የቦርድ ፈተና ወስዶ ለውጭ ምሩቃን ወደተዘጋጁት የሁለት ወይም የሦስት ዓመት መርሐ ግብሮች ያመለክታል። ይህ የቦርድ ፈተና በ2020 የተጀመረ ነው። ዶክተር ሆኖ የመጣን ሰው ሞኖኮት ከዳይኮት እንዲለይ ማስቀመጥ ጊዜውንም ገንዘቡንም ማባከን ነው።

የቀረው የቴሌግራሙ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድም መቻቻልም የለኝም። ማንኛውም ተፈታኝ ከመፈተኑ በፊት የፈተናውን ይዘት በምስጢር ለመጠበቅ ይስማማል። ጥያቄዎቹ የማኅበሩ ንብረት ናቸው፤ ማኅበሩ ሾልከው የወጡ ጥያቄዎችን የተጠቀመን ሰው ውጤት የመሰረዝና ዳግም እንዳይፈተን የማገድ ሥልጣን አለው። ሥነ ምግባሩን ለጊዜው እንተወውና ጥቅሙን ብቻ እናስላ። በቴሌግራም «ከፈተናው የወጣ» ተብሎ የሚሸጠው ፋይል ከየት እንደመጣ የሚያረጋግጥ የለም። ለእኔ የተላኩልኝን ስገልጣቸው ከማስታወስ የተጻፉ፣ ምርጫቸው የተዘበራረቀ፣ መልሳቸውም አልፎ አልፎ ስሕተት የሆነ ነው ያገኘሁት፤ በአንዱ ላይ የካልቪን ዑደት በታይላኮይድ ውስጥ ይካሄዳል የሚል መልስ ነበረበት፣ የሚካሄደው ግን በስትሮማ ነው። ስለዚህ ልጁ የተሳሳተ መልስ ሸምድዶ፣ ከዚያም በላይ ውጤቱን ለአደጋ አጋልጦ ይገባል። ዲኤቲ መፈተኛው ብቻ ከ500 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ይህን ከፍሎ፣ የአንድ ክረምት ዕረፍቱን ሰጥቶ፣ በአንድ ፋይል ምክንያት የታገደ ልጅ ለትምህርት ቤቶች የሚያስረዳው ነገር አይኖረውም።

ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም፣ ክፉ አስበው ጻፉም አልልም። ስለ መጽሐፍ ምርጫ ከእኔ ጋር ባይስማሙ ክርክሩ ይቀጥል፤ ከካምቤልም ያለፈ ልጅ አለና ምሳሌ አያጡም። የቴሌግራሙን አንቀጽ ግን ጽሑፉ አሁንም እየተዘዋወረ ስለሆነ ዛሬውኑ ቢያወጡት፣ ያስተላለፉትም ሰዎች የታረመውን መልሰው ቢልኩት እጠይቃለሁ።